የጎዳና ፎቶዎቻችን ዓለምን ይዞራሉ፤ የተነሡበት ሰፈርስ መቼ ያያቸዋል?

ቅድስት ፍሬም | አዲስ አበባ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የጎዳና ፎቶዎቼን የት ልላክ? የትኛው ኦፕን ኮል (ለውድድር ወይም ለኤግዚቢሽን ፎቶ ላኩ የሚል ጥሪ) ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከምመልስ እዚሁ ላውጣው። በዚያውም ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ፤ እሱንም እናውራ።

የጎዳና ፎቶ፣ ማለትም መንገድ ላይ ሰው ሳይዘጋጅ እንዳለ የሚነሣው፣ በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ወዳጅ ያፈራው በሙዚየሞች ብርታት ብቻ አይደለም። በእርግጥ ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሞማ በ1967 እ.ኤ.አ. የፎቶ አንሺዎቹን የዳያን አርበስን፣ የሊ ፍሪድላንደርንና የጋሪ ዊኖግራንድን ሥራ አንድ ላይ አቅርቦ ትልቅ በር ከፍቷል። በኋላ ግን ነገሩን በእጃቸው ያስገቡት አንሺዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ2000 ኒክ ተርፒን እንግሊዝ አገር «ኢን ፐብሊክ» የተባለውን የጎዳና ፎቶ አንሺዎች ስብስብ መሠረተ። በ2012 የማያሚ የጎዳና ፎቶ ፌስቲቫል ተጀመረ። በ2014 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ፎቶ ዴይስ የተባለው ፌስቲቫል መጣ። ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ከየአገሩ ፎቶ ይሰበስባሉ፣ ይመርጣሉ፣ ያትማሉ፣ ይሰቅላሉ። ከዚያ ሰው ጠርተው ያወያያሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ የጉልናራ ሳሞይሎቫ ሥራ ነው። ጉልናራ ሩሲያ ተወልዳ ኒው ዮርክ የኖረች ፎቶ ጋዜጠኛ ናት። በ2001 የኒው ዮርክ ጥቃት ጊዜ ያነሳችው ፎቶ ወርልድ ፕረስ ፎቶ የተባለውን የዜና ፎቶ ሽልማት አሸልሟታል። በ2017 ኢንስታግራም ላይ «ዊሜን ስትሪት ፎቶግራፈርስ» የሚል ገጽ ከፈተች። ጎዳና ላይ የሚያነሱ ሴቶችን ሥራ እየመረጠች ማሳየት ጀመረች። ገጹ ሲያድግ ስክሪን ላይ ብቻ አልተወችውም። ከአገር አገር የሚዞር ኤግዚቢሽን አደረገችው። በ2021 ደግሞ የ100 ሴቶችን ሥራ የያዘ መጽሐፍ ወጣ።

ለምን እንደሚነካኝ ልንገራችሁ። ሴት ልጅ ካሜራ ይዛ መርካቶ ምናለሽ ተራ መሃል ስትቆም ምን እንደምትሰማ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። «የማን ጋዜጠኛ ነሽ?» «ማን ላከሽ?» «እኔንስ አታነሺኝም?» ቀኑን ሙሉ ይህን ስትመልሺ ትውያለሽ፤ ማታ ቤትሽ ገብተሽ አንዲት ፎቶ እንኳ ላትተርፍሽ ትችላለች። በሌላ ከተማ ሌላ ሴት ያንኑ እየሰማች፣ ያንኑ እየሠራች እንደሆነ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ማኅበረሰብ የምለው ይህን ነው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። ከእኛ መካከል ሥራው ሚላን፣ ኢስታንቡል፣ ማያሚ ድረስ የተሰቀለለት አለ። ጎሽ! ግን ፎቶው ላይ ያለው ሊስትሮ አላየውም። ሳሪስ ላይ ሻንጣ የተሸከመው ሰውዬም አላየውም። ትሪየስቴ ያለ ሰው በሩቁ የሚያውቀውን ፊት ጎረቤቱ በፎቶ አያውቀውም። እኔ የምለው፣ የጎዳና ፎቶ መጀመሪያ ለጎዳናው ይታይ። ውጭ መላኩን አትተዉ፤ እኔም እልካለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ይስተካከል።

እስቲ ምን ትላላችሁ?

---

የማለዳ ልጅ | አዲስ አበባ

ቅድስት፣ ጥሩ አንስተሻል። መጀመሪያ የላኪዎቹን ጥያቄ ልመልስ፣ ብዙ ሰው እሱን ይፈልጋል።

አንደኛ፣ መመዝገቢያ የሚያስከፍሉትንና ነጻ የሆኑትን ለዩ። ከአገር ውስጥ ባንክ ካርድ በዶላር መክፈል እንደማይቀል ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዲሲ ያለች እህቴ ናት የምትከፍልልኝ። እሷን ላለማስቸገር መጀመሪያ ነጻ የሆኑትን ጨርሳለሁ። ሁለተኛ፣ ነጠላ ፎቶና ተከታታይ ሥራ የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ከአምስት ሰፈር አምስት የማይገናኙ ፎቶዎች ሰብስቦ «ተከታታይ» ብሎ መላክ ገንዘብ መጣል ነው። ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ የጎዳና ፎቶ ውድድሮች ሰው አቁሞ ማስነሳትንና ፎቶ ውስጥ ነገር መጨመር ወይም ማጥፋትን አይፈቅዱም። ቀለምና ብርሃን ማስተካከል ችግር የለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ማጥፋት ግን ያስጥላል። ለማለፍ ብላችሁ ሽቦ አታጥፉ፤ የአዲስ አበባ ሰማይ ያለ ሽቦ የታለ?

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ የምትሉ ደግሞ ግርማ በርታን አስታውሱ። በራሱ የተማረ ልጅ ነው። የአዲስ አበባን መንገደኛ፣ ተሸካሚውን፣ ሱቅ በደረቴውን በአይፎን አነሳ። ከዚያ ሰውየውን ከነጥላው ከበስተጀርባው ለይቶ አንድ ደማቅ ቀለም ላይ አቆመው። በ2016 እ.ኤ.አ. የፎቶ ድርጅቱን የጌቲ ኢሜጅስንና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሌሎቹ ከኡራጓይና ከሕንድ ነበሩ። የፎቶዎቹ አሠራር ከበስተጀርባ ለይቶ መቁረጥ ስለሆነ «ይሄ የጎዳና ፎቶ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ነው እላለሁ። ሰዎቹ አልቆሙለትም፣ መንገዳቸውን እየሄዱ ነው ያነሳቸው። ደግሞ ማንም የማያየውን ሰው ግድግዳ ሞልቶ እንዲታይ አድርጎታል።

ስለ ሁለተኛው ሐሳብሽ ትንሽ ላስብበት። እኔ ጋር የፒያሳ ፎቶዎች አሉ፤ ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ ያነሳኋቸው። የማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም አሁን።

---

ቦሌ 35 | አዲስ አበባ

በክብር ልለይ። እዚህ ሀገር የጎዳና ፎቶ ማሳየት ምን ያመጣል? ሰው ፎቶ ሲባል የሚያውቀው ሠርግና ምርቃት ነው። መንገድ ላይ ካሜራ ስታወጣ ዘበኛው ይመጣል፣ ደንብ አስከባሪው ይመጣል፣ ሰውየው ራሱ «ስንት ልትሸጠኝ ነው?» ይልሃል። ያን ፎቶ አትሜ ደግሞ እዚያው ሰፈር ልስቀል? ጠብ መፈለግ ነው።

እኔ ሥራዬን አዋቂ ሰው እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። አዘጋጅ፣ ዳኛ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ። የፖርትፎሊዮ ግምገማ ላይ ተቀምጠህ አንድ ሰው «ይሄን ጣል፣ ይሄን ያዝ» ሲልህ በሃያ ደቂቃ የምትማረውን ሰፈር ውስጥ በዓመት አትማረውም። እዚህ ለዚያ የሚሆን መድረክ የነበረው አዲስ ፎቶ ፌስት ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. ጀምራው በየሁለት ዓመቱ ከመላው ዓለም ፎቶ አንሺ አምጥታ አዲስ አበባ ላይ አሳይታለች። እኔ ትልቅ ኅትመት በአካል ያየሁት መጀመሪያ እዚያ ነው። ከሱ ሌላ የቱ አለ?

---

የድሮ ፎቶ ቤት

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የልጅ ልጄ ናት ይህን ገጽ ያሳየችኝ። ፎቶ ቤት ነበረኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። አሁን ቤቱም ሰፈሩም የለም።

ቦሌ የምትለው ልጄ፣ «ሰው ፎቶ የሚያውቀው ሠርግና ምርቃት ነው» ብለሃል። እሱስ ልክ ነህ። ግን ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ፎቶ እዚህ አገር የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፣ ከእሳቸው በኋላም ልጆቻቸው ያዙት። ስለዚህ ሰው ፎቶ ሲነሣ ራሱን እንደ ንጉሥ አድርጎ ነው። ይለብሳል፣ ይቀባል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ቤት ኮትና ክራቫት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሌለው ያንን ለብሶ ይነሣል። ሳይዘጋጅ ሲነሣ የሚቆጣው ለዚህ ነው። ካሜራ ጠልቶ አይደለም። በክብር መነሣት ስለሚፈልግ ነው።

እኛ ግን መንገድ ላይም እናነሳ ነበር። በበዓል ቀን አደባባይ ቆመን የሚያልፈውን አንስተን፣ ካርድ ሰጥተን፣ በሳምንቱ መጥቶ ይወስዳል። ፊልም ውድ ነበር። የአንዱን ጥቅል 36 ፎቶ በዋዛ አትጨርሰውም። ያነሳኸው ሰው መጥቶ ካልወሰደ ከሰርህ። ስለዚህ ሁሌም ፎቶው ለባለቤቱ እንዲደርስ ነበር የምናስበው። ልጅቷ የምትለው ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ትክክል ናት።

---

ቅድስት ፍሬም

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ስለመጡ ደስ ብሎኛል። ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኮት ነገር ሌላ ቀን ሰፋ አድርገው ቢያጫውቱን፣ እባክዎን።

@ቦሌ 35፣ ግምገማ አስፈላጊ ነው ያልከው ላይ አልከራከርህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ውጭ ያለው ዳኛ ከእኛ ፎቶዎች የቱን ይመርጣል? እስቲ ያለፉልንን እናስብ። ባዶ እግሩን የቆመ ሕፃን። የፈረሰ ግንብ ሥር የተቀመጠች አሮጊት። ጥምቀት ላይ ውሃ የሚረጭበት ሰው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ዓለም እኛን የሚያይበት አንድ ዓይን አለ። ዳኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የሚመርጠው። ሜክሲኮ ላይ ሁለት ሴቶች የታክሲ ሰልፍ ይዘው በሳቅ ሲፈርሱ ያነሳሁትን ማንም አልመረጠውም። እዚህ ያሳየሁት ሰው ሁሉ ግን ፎቶው ላይ ይቆማል። አንዱ «ምን ብላት ነው እንዲህ ያሳቀቻት?» ይላል። ሌላው «ሰልፉ ስንት ደርሶ ነበር?» ይላል። ፎቶውን ያነበበው እሱ ነው።

---

ሕግ በአጭሩ | አዲስ አበባ

ጠብ የሚለው ስለተነሣ የሙያዬን ላዋጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለዚህ ነገር በቀጥታ ይናገራል። አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም ይላል። ልብ በሉ፣ የሚያወራው ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው። ቦሌ የሚፈራው ማንሳቱን ነው፤ ሕጉ የሚጠነክረው ግን ሲሰቀል ነው።

አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ከተፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ከሕዝባዊ ክንውን ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ከተያያዘ ፈቃድ አያስፈልግም። የጎዳና ፎቶ አንሺ የሚቆምበት መሬት ይሄ ነው። ጥምቀት ላይ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ሰፊ ነው። አንድ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ሲያዝን ያነሳችሁት ከሆነ ግን ጠባብ ነው። ከእነዚህ ውጪ ከሆነ አንቀጽ 29 ይመጣል። ባለቤቱ ማሳየቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፣ ካሳም ይጠይቃል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ፊቱ ጎልቶ የሚታይ ሰው ካለና ልታሳዩት ከሆነ፣ ፎቶውን አሳዩትና ጠይቁት። ሕፃን ከሆነ ወላጁን። ቅድስት የምትለው «መጀመሪያ ለጎዳናው ይታይ» የሚለው ነገር በሕግም ዓይን የተሻለው መንገድ ነው።

---

በርሊን ነኝ

የእናንተን አንቀጽ 27 ሳነብ እዚህ ያለው ትዝ አለኝ። ጀርመን ውስጥ የራስን ምስል የሚመለከተው ሕግ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ጠንካራ ነው። በ2013 ኤስፐን አይሽሆፈር የተባለ፣ ኦስትክሮይትስ የሚባል የፎቶ አንሺዎች ድርጅት አባል፣ ሲ ኦ በርሊን በተባለው የፎቶ ማሳያ ቤት ሥራውን አሳየ። ከፎቶዎቹ አንዱ የእባብ ቆዳ የመሰለ ኮት የለበሰች ሴት መንገድ ስትሻገር ነው። በትልቁ ታትሞ ውጭ መንገድ ዳር ቆመ። ሴትየዋ ራሷን አየች፣ ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ። በ2018 ፍርድ ቤቱ የጎዳና ፎቶ ጥበብ ነው፣ የጥበብ ነጻነት ጥበቃ አለው ብሎ አረጋገጠ። ግን የእሱን አቤቱታ አልተቀበለም። አንዲትን ሴት ነጥሎ ያን ያህል አግዝፎ በአደባባይ ማቆም ሌላ ነገር ነው አለ።

ይሄን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። መጠኑ ራሱ ልዩነት ያመጣል ለማለት ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚያምር ፎቶ፣ የአውቶቡስ ያህል ሲሆን ለተነሣው ሰው ሌላ ስሜት አለው።

---

ዱባይ ሰማይ

እኔ ያለሁበት ጭራሽ አይሞከርም። ሰው ሳያውቅ ፎቶ ማንሳት በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ሕንፃና ጥላ ነው የማነሳው። አዲስ አበባ ላይ ካሜራ ይዛችሁ የምትዞሩ ልጆች፣ ያላችሁን ዕድል እወቁት።

---

ሜሪላንድ ጀበና

እኛ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ ኒው ዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር ላይ ፍላሽ ሰቅሎ፣ ከርቀት በረጅም ሌንስ ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. መንገደኛ አነሳ። ማንም አላወቀም። ከተነሡት አንዱ ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ አዛውንት ነበሩ። ምስላቸው መቀረጹ ከእምነታቸው ጋር እንደማይሄድ ገልጸው ከሰሱ። የአንዱ ኅትመት ዋጋ ከ20,000 እስከ 30,000 ዶላር ነበር። በ2006 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ጣለው። ሕጉ ለፎቶ አንሺው ፈረደ። እኔ ግን ያን ሽማግሌ ባሰብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ይደረጋል ማለት አይደለም።

ሌላ ላነሳው የፈለግኩት ስለ ቦታ ነው። ኤግዚቢሽን ሲባል ሁላችንም ነጭ ግድግዳና ጸጥ ያለ ክፍል ነው የሚታየን። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ፎቶቪል የሚባል ፌስቲቫል አለ። የመርከብ ኮንቴይነር ደርድረው ውስጡን ጋለሪ ያደርጉታል። መግቢያው ነጻ ነው። ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት፣ አይስክሬም የያዘች ልጅ፣ ሁሉም ይገባል። በ2023 ደግሞ የአይዳ ሙሉነህ 12 ፎቶዎች በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከ300 በላይ የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ ወጡ። ሐሳቡን ያነሳሳው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነው። የአይዳ ሥራ የጎዳና ፎቶ አይደለም፣ ቀለምና ልብስ አዘጋጅታ የምትሠራው ነው። ያሳየችበት ቦታ ግን ጎዳና ነው። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሳይጋበዝ አየው። እኛስ አዲስ አበባ ላይ ምን አለን? ከዚህ ሆኜ ሳስብ ግድግዳ የጠፋ አይመስለኝም።

---

ቦሌ 35

ጋሼ የነገሩኝ «በክብር መነሣት ይፈልጋል» የሚለው ገብቶኛል። ጠበቃውንም አመሰግናለሁ፣ ማንሳትና ማሳየትን ለይቶልኛል።

ግን አሁንም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። የተነሣው ሰው ፎቶውን ወደደው እንበል። ሰው የሚወደው ያማረበትን ነው። ጥሩ የጎዳና ፎቶ ሁሌ ያማረበት አይደለም። አሜሪካዊው የጎዳና ፎቶ አንሺ ብሩስ ጊልደን ፊት ላይ ፍላሽ እየተኮሰ ያነሳቸው ሰዎች ቢጠየቁ ስንቱ እሺ ይል ነበር? ለጎዳናው እናሳይ ካልን ቀስ በቀስ የሚወደደውን ብቻ ማንሳት እንጀምራለን። ያ ሞት ነው ለዚህ ሥራ።

---

ቅድስት ፍሬም

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባጭሩ አልመልሰውም።

ክረምት ላይ ለገሃር አካባቢ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አንስቼ ነበር። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። ፌስታል ራሷ ላይ አስራለች፣ በአንድ እጇ ታራግባለች፣ ጭሱ ፊቷን ግማሽ ሸፍኖታል። የምትታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ናት፣ እሷም የምታየው መንገዱን ነው። ያማረባት ፎቶ አይደለም። ደክሟታል፣ ይታያል። አሳትሜ ወሰድኩላት። መጀመሪያ እጇን ቀሚሷ ላይ በደንብ ጠረገች፣ ከዚያ ተቀበለችኝ። ቆይታ አየችው። እኔ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ልጄስ? ከጀርባዬ ነበረች እኮ፣ ለምን ቆረጥሻት?» አለችኝ።

በዚያ ቀን ብዙ ዳኛ ያልነገረኝን ነገረችኝ። በእርግጥም በግራ በኩል ትንሽ ብተው ልጅቷ ትገባ ነበር። ፍሬሙን ያጠበብኩት ጭሱን ስለወደድኩት ነው። ሴትየዋ «ደክሞኛል፣ አስቀያሚ ሆኛለሁ» አላለችም። ሥራዋን ታውቀዋለች፣ ጭሱን ታውቀዋለች። የጎደለውንም ታውቃለች። ፎቶው አሁን ከእሷ ዘንድ አለ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ለደንበኞቿ እያሳየች «ይቺ ልጅ ናት ያነሳችኝ» ትላለች።

ስለዚህ ቦሌ፣ ሰው የሚወደው ያማረበትን ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሰው እውነተኛውን ያውቃል። የሚጠላው መዋረድን ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ጊልደንን የሚወድ ይውደድ፤ እኔ ፍላሽ ፊቱ ላይ ተኩሼበት ከምሮጥበት ሰው የሚገኝ ፎቶ አልፈልግም።

---

የማለዳ ልጅ

አሰብኩበት። የዶሮ ማነቂያዎቹን ፎቶዎች ትናንት ማታ ከፈትኩ። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ብርሃን ነው ያነሳኋቸው። (ለአዲሶች፦ እኛ ጋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በጠዋት ውጡ።) አንዱ ላይ የሥጋ ቤቱ ልጅ መስታወት ይወለውላል። አንዱ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ጋዜጣ ተካፍለው ያነባሉ። እነዚያ ሰዎች አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ፎቶውን ለማን ልስጥ? ሰፈሩ ራሱ የለም።

---

የድሮ ፎቶ ቤት

ልጄ፣ ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ ዕድሩ አልፈረሰም። እኛ እስከ ዛሬ በወር አንዴ እንሰበሰባለን። ከየአራቱ ማዕዘን በታክሲና በአውቶቡስ ይመጣሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ፎቶዎቹን አምጣና ድንኳናችን ውስጥ እንስቀላቸው። የማን ማን እንደሆነ እዚያው ይነግሩሃል። ስምም ዘመንም ይጽፉልሃል።

---

ሜሪላንድ ጀበና

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ። ኮንቴይነር ይቅር፣ ድንኳን አለን!

---

ሕግ በአጭሩ

እጅግ ጥሩ ነው። በዚያው ፈቃድም ታገኛላችሁ። አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ እሰጣለሁ፤ ማሳየት፣ ማባዛት፣ ውጭ መላክ ለየብቻ ምልክት የሚደረግባቸው። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይችላል። ፊርማ የማይችል በጣት አሻራ።

---

ቦሌ 35

ድንኳን ሲታይ ሰው ልቅሶ አይመስለውም? እንዳይከፋቸው ብዬ ነው።

---

የድሮ ፎቶ ቤት

ያው ድንኳን ነው ለሠርግም የምንተክለው። አንተ ብቻ ና። ፎቶ ካለህም ይዘህ ና።

---

አዲስ ገቢ 2

እኔ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። የሰሜን ሆቴል አካባቢ የድሮ ፎቶዎች አሉኝ። ለኅትመት ይሆናል?

---

ማተሚያ ቤት ነኝ

ይሆናል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ፎቶው 4032 በ3024 ፒክስል ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሲታተም በኢንች 256 ፒክስል ገደማ ይደርሳል። ሰው በክንድ ርቀት ሲያየው ጥርት ያለ ነው። ችግር የሚመጣው ከላካችሁበት መንገድ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። ከኢንስታግራም ላይ ስክሪንሾት ያደረጋችሁትን አታምጡብኝ፣ እባካችሁ። ዙም አድርጋችሁ ያነሳችሁትም ከ20 በ30 ሴንቲ በላይ አይሄድም።

ወረቀቱ የማያንጸባርቅ ቢሆን ይሻላል፤ ድንኳን ውስጥ ብርሃን በጎን ስለሚገባ አንጸባራቂው ወረቀት ይረብሻል። ለመስቀል ፍሬም አያስፈልግም። ፎሬክስ በሚባል ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከላይ ሁለት ቀዳዳ ይበቃዋል፣ በገመድ ይታሰራል። ለዚህ ሥራ የወረቀትና የቀለም ወጪ ብቻ ነው የምወስደው።

---

ቅድስት ፍሬም

እንግዲህ እንዲህ እናድርገው። የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ፎቶ ያላችሁ ሁሉ አምጡ። የምንመርጠው እኔ፣ የማለዳ ልጅና ጋሼ ነን። ቦሌ 35፣ አንተም ግባ፣ ዓይንህ ጥብቅ ነው፤ «ይሄን ጣል» የሚል ሰው ያስፈልገናል። ከእያንዳንዱ ሰው ከአምስት ፎቶ በላይ አይኖርም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ኅትመት ይወጣል። አንዱ ይሰቀላል፣ አንዱ ለተነሣው ሰው ወይም ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሥር ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ እናንጠለጥላለን፣ የሚያውቅ ስሙን ይጻፍ። ውጭ የሚላከው ከዚያ በኋላ፣ ከነስማቸውና ከነፈቃዳቸው ነው። እንደዚያ ሆኖ ሲሄድ የፎቶው መግለጫ «አዲስ አበባ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው» ከሚል ይወጣል።

---

ቦሌ 35

እገባለሁ። የሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ያነሳኋቸው አሉኝ፣ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ግን ስመርጥ አላዳላም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

---

የማለዳ ልጅ

ጋሼ፣ ስብሰባው መቼ ነው?

---

የድሮ ፎቶ ቤት

የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። 4 ሰዓት ላይ ሰው ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ድንኳኑን ቅዳሜ ማታ እናስተክላለን። ገመድ እኛ አለን።

---

ማተሚያ ቤት ነኝ

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። የተመረጡት ፋይሎች እስከ ረቡዕ ይድረሱኝ፤ የእያንዳንዱ ፎቶ ስም ላይ የአንሺው ስምና የሰፈሩ ስም ይጻፍበት።